ዘጠና ቀን ምን ማለት ነበር? ከኮቪድ ባገገሙ ማግሥት ዳግም ስለ መያዝ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር በቃል ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬውን ገለጻ በራሴ ስሕተት ብጀምር ይሻላል። ኋላ የምዘረዝራቸው ጥናቶች ሁሉ የሚመልሱት ከዚያ ስሕተት የተነሣውን ጥያቄ ነውና።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር 12 ቀን፣ እንደ ልማዳችን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያጥን፣ እኔም ከጎረቤቶቼ ጋር ደጅ ቆሜ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ «ጢሱ ነው» ብዬ ተውሁት። ትኩሳት ሲከተል ግን ኅዳር 19 ቀን ናሙና ሰጠሁ፤ ኮቪድ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሳምንት ያህል ተኝቼ ተነሣሁ። በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ አክስቴን ለመጠየቅ ሄድሁ። ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 78 ነበር። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ እንግዳ የሚቀበሉት በረንዳ ላይ ነው፤ ያውም ራቅ ብለው ተቀምጠው። እኔ ግን «እትዬ፣ አይሥጉ። እኔን ይዞኝ ለቆኛል፤ ቢያንስ ሦስት ወር ተመልሶ አይይዘኝም» ብዬ መሸፈኛዬን አውልቄ ከአጠገባቸው ተቀመጥሁ። እርሳቸውም «አንተ ካልህማ እሺ፤ የተማርኸው አንተ ነህ» አሉኝ።

በማግሥቱ ጉሮሮዬ እንደ ገና ተከረከረ። ጥር 2 ቀን ሁለተኛ ናሙና ሰጠሁ፤ ቫይረሱ ዳግመኛ ተገኘብኝ። ከመጀመሪያው ውጤት 43 ቀናት ማለፋቸው ነው። ውጤቱን የነገረኝ ባለሙያ በትሕትና «ከፊተኛው የቀረ ርዝራዥ ይሆናል፤ ዘጠና ቀን ስላልሞላዎት እንደ አዲስ አንመዘግበውም» አለኝ። በዚያው ሳምንት አክስቴ ታመሙ፤ ኦክስጅን ተደርጎላቸው 11 ቀን ሆስፒታል ተኙ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አሉ። ይሁን እንጂ ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለችውን አጭር መንገድ ዛሬም ሳያርፉ አይዘልቋትም።

በሽታው ከእኔ እንደ ተላለፈባቸው ማረጋገጫ የለኝም። በዓል ነበር፤ ቤቱ ሰው ይገባበታል፣ ይወጣበታል። «አይሥጉ» የሚለው ቃል ግን የእኔ ነው። ስለዚህ ራሴን የጠየቅሁት ይህን ነው፦ በዚህ መስክ የማስተምር ሰው ሆኜ፣ «ሦስት ወር» የሚለውን ቁጥር ከየት አመጣሁት? ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። ሲወጣ የነበረው ትርጉም ግን እኔ ከሰጠሁት ትርጉም የተለየ ነው።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። ፒሲአር የተባለው ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን የዘረመል ቁራጭ ነው። ያገኘውን ጥቂት ቁራጭ በየዑደቱ እጥፍ እያደረገ ያባዛል፤ መሣሪያው ሊያየው የሚችለው መጠን ላይ ሲደርስ «ተገኘ» ይላል። ቁራጩ ከሕያው ቫይረስ ይምጣ ከሞተ ቫይረስ ስብርባሪ፣ ለመሣሪያው ልዩነት የለውም። ድግስ ካለቀ በኋላ ግቢው ውስጥ የቀረውን ቄጠማ አይቶ ሠርጉ እንደ ገና ተጀመረ የሚል ሰው እንደሚሳሳት ሁሉ፣ በፒሲአር ውጤት ብቻ ተመርኩዞ ዳግመኛ ተያዘ የሚልም ሊሳሳት ይችላል።

እንዲህ ያለው ስሕተት እ.ኤ.አ. በ2020 ኤፕሪል ወር መላውን ዓለም አስደንግጦ ነበር። በደቡብ ኮርያ ድነዋል ተብለው የተሰናበቱ ሰዎች ዳግመኛ ሲመረመሩ ቫይረሱ ተገኘባቸው። የአገሪቱ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ከእነዚህ ሰዎች 285ቱን መርምሮ፣ ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን 790 ሰዎች ተከታተለ። በዚያ ዳግመኛ በተገኘባቸው ጊዜ በነበረ ንክኪ ብቻ የተያዘ መሆኑ የተረጋገጠ አንድም ሰው አልተገኘም። የ108 ሰዎችን ናሙና በሴል ላይ ለማባዛት ቢሞከርም ከአንዱም ሕያው ቫይረስ አልወጣም። የተገኘው ቄጠማው ነበር ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ከዳነ በኋላ ለሳምንታት፣ አልፎ አልፎም ለሁለትና ለሦስት ወራት፣ ይህን ስብርባሪ ከአፍንጫው ሲያወጣ ይቆያል።

ታዲያ እውነተኛውን ዳግም መያዝ ከርዝራዡ የምንለየው እንዴት ነው? የመጀመሪያው አጥጋቢ ማስረጃ የመጣው ከሆንግ ኮንግ ነው። የ33 ዓመቱ ሰው በ2020 ማርች መጨረሻ ሳል፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ተመረመረ፤ ቫይረሱ ተገኘበት፤ በኤፕሪል አጋማሽ ድኖ ከሆስፒታል ወጣ። በኦገስት ከስፔን በእንግሊዝ በኩል ሲመለስ በአውሮፕላን ማረፊያ በተደረገለት ምርመራ እንደ ገና ተገኘበት፤ ይሁንና ምንም ሕመም አልተሰማውም። በመካከሉ 142 ቀናት አልፈዋል። የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሁለቱን ናሙናዎች የዘረመል ቅደም ተከተል ቢያነጻጽሩ በ24 ፊደላት ተለያይተው አገኟቸው። ይህ ቫይረስ ወደ 30,000 ፊደላት አሉት፤ በዚያን ጊዜ በወር ሁለት ያህል ፊደል ነበር የሚቀይረው። እንግዲህ ተማሪዎቻችን ራሳቸው ያስሉት፦ አንዱ ቫይረስ በሰውየው አካል ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ከ10 ብዙም አይርቅም ነበር። በተጨማሪም ሁለቱ ከተለያዩ የቫይረሱ ዝርያዎች የሚመደቡ ናቸው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአሜሪካ የኔቫዳ ግዛት ሌላ ታሪክ ተሰማ፤ ለእኔ የበለጠ የሚያሳፍረኝም ይህኛው ነው። የ25 ዓመት ወጣት በኤፕሪል 18 ተገኘበት፤ ድኖ በሜይ ወር ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ነጻ ሆነ፤ በጁን 5 ዳግመኛ ተገኘበት። ሁለተኛው ሕመም ከፊተኛው ከብዶበት ኦክስጅን እስከ መፈለግ ደረሰ። የዘረመሉ ልዩነት ሁለት የተለያዩ ኢንፌክሽኖች መሆናቸውን አመለከተ። በሁለቱ ውጤቶች መካከል የነበረው ጊዜ 48 ቀናት ብቻ ነው። ጽሑፉ በኦክቶበር 2020 ሲወጣ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ አስነብቤዋለሁ፤ ፈተናም አውጥቼበታለሁ። ከዓመት በኋላ አክስቴ ፊት «ሦስት ወር» ስል፣ ያስነበብሁት 48 ቀን አልታወሰኝም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ምንጭ እንመለስ። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል በኦገስት 2020 መጀመሪያ መመሪያውን ሲያሻሽል፣ በሽታው ይዞት የዳነ ሰው አዲስ ምልክት እስካላሳየ ድረስ እስከ ሦስት ወር ዳግመኛ መመርመር እንደማያስፈልገው ገለጸ። ምክንያቱ ከላይ የተናገርሁት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚገኘው ውጤት ርዝራዥ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ከማብራራት ይልቅ ያደናግራል። ጋዜጦች ግን መመሪያውን «የዳነ ሰው ሦስት ወር አይያዝም» ብለው አነበቡት። ማዕከሉ በኦገስት 14 መግለጫ አውጥቶ፣ ሳይንሱ በሦስቱ ወራት ውስጥ ሰው ዳግም ከመያዝ የተጠበቀ ነው እንደማያሰኝ ለማስረዳት ተገደደ። ማስተባበያው እንደ ወሬው ሩቅ አልተጓዘም። የቆጠራ ደንብ የነበረው ነገር በየአገሩ፣ በየቤቱ፣ በእኔም አፍ ላይ ዋስትና ሆነ።

ደንቡን ያወጡትን ሰዎች ለመውቀስ አልፈልግም። በ2020 ደንቡ ትክክል ነበር። አንድ ምርመራ የሚሰጠው ውጤት ትርጉሙ በውጤቱ ብቻ አይወሰንም፤ በአካባቢው ምን ያህል አዲስ በሽታ እንዳለም ይወስነዋል። ዳግም መያዝ እጅግ ብርቅ በሆነበት ጊዜ፣ ከዳኑ በስድስት ሳምንት የሚገኝ ቫይረስ በአብዛኛው ርዝራዥ ነው ብሎ መገመት አስተዋይነት ነው። በሽታው ከተማውን ባጥለቀለቀበትና ቫይረሱ መልኩን በቀየረበት ወር ግን ያው ውጤት፣ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ስድስተኛ ሳምንት፣ ሌላ ነገር ይናገራል። እኔ ሁለተኛውን ናሙና የሰጠሁት አዲሱ ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ በተዛመተበትና በአገራችን የተያዦች ቁጥር በድንገት ባሻቀበበት ሰሞን ነው። ኋላ የዚያን ናሙና የዑደት ቁጥር ጠይቄ አገኘሁ፤ 19 ነበር። ቁጥሩ ሲያንስ ቫይረሱ ብዙ ነው ማለት ነው፤ ርዝራዥ ብዙውን ጊዜ ከ30 በላይ ነው የሚገኘው። ዘረመሉ ስላልተነበበ ግን የእኔ ጉዳይ እስከ ዛሬ «ሳይሆን አይቀርም» ከሚለው አያልፍም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ኩፍኝ አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ዳግመኛ እንደማይያዝ እናቶቻችን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ኮቪድስ ለምን እንዲህ አልሆነም? ከተማሪዎቼ የምሰማው መልስ ብዙ ጊዜ «ፀረ እንግዳ አካሉ ቶሎ ስለሚቀንስ» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ግማሹን ትቶታል። የኩፍኝ ቫይረስ በመተንፈሻ በኩል ገብቶ፣ በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ተባዝቶ፣ በደም ተጉዞ ነው መላውን አካል የሚያዳርሰው። ሕመሙ እስኪገለጥ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ የሰውነት የትውስታ ሴሎች ተነሥተው፣ ተባዝተው፣ መንገዱን ለመዝጋት ጊዜ ያገኛሉ። ኮሮና ቫይረስ ግን ሥራውን የሚጀምረው እዚያው በገባበት በአፍንጫና በጉሮሮ ልባስ ላይ ነው። ኦሚክሮን ምልክት ለማሳየት ሦስት ቀን ገደማ ይበቃዋል። የትውስታ ሴሎች ተቀስቅሰው በቂ ኃይል እስኪያሰልፉ ጥቂት ቀናት ያስፈልጋሉ፤ እነርሱ ሲደርሱ ሰውየው ማስነጠስ ጀምሯል፣ ለጎረቤቱም አስተላልፏል። በበር ላይ የሚጠብቀው በልባሱ ላይ የሚመነጨው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እርሱም በደም ውስጥ ካለው ፈጥኖ ይሳሳል። ሳንባን የሚጠብቁት የደሙ ፀረ እንግዳ አካልና ቲ ሴሎች ግን ይቆያሉ። ከዚህም የተነሣ አንድ ሰው ከከባድ ሕመም የተጠበቀ ሆኖ ሳለ ከመያዝና ከማስተላለፍ ያልተጠበቀ ሊሆን ይችላል። እኔ በገና ዕለት የቀላቀልኋቸው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ የራሴን ደኅንነት ለአክስቴ ደኅንነት ቆጠርሁት።

ይህ ለሳይንሱ አዲስ ነገርም አልነበረም። የጉንፋን ዘመድ የሆኑ አራት ኮሮና ቫይረሶች ከሰው ልጅ ጋር የኖሩ ናቸው። በእንግሊዝ አገር ለጉንፋን ጥናት በተቋቋመ ማዕከል ፈቃደኞች 229ኢ የተባለውን ቫይረስ በአፍንጫቸው ተቀብለው፣ ከዓመት በኋላ ያንኑ ቫይረስ ደግመው እንዲቀበሉ ተደርጎ ነበር፤ ውጤቱ በ1990 ታትሟል። ቀድሞ ከተያዙት መካከል ዳግመኛ የተያዙ ነበሩ፤ ቫይረሱን ያወጡት ግን ለአጭር ጊዜ ነው፤ በጉንፋን የታመመም አልነበረም። በአምስተርዳምም ከ10 ጤነኛ ወንዶች ለአሥርት ዓመታት የተሰበሰበ ደም ሲመረመር፣ በእነዚሁ የጉንፋን ኮሮና ቫይረሶች ዳግም መያዝ ከ12 ወር በኋላ የተለመደ ሆኖ ታየ። ይህ የታተመው በ2020 ነው። መረጃው በእጃችን ነበር ለማለት ነው።

በኮቪድ ላይ የተደረጉት ታላላቅ ጥናቶች መጀመሪያ የሰጡት ዜና ግን የሚያጽናና ነበር። ከ25,000 በላይ የጤና ሠራተኞችን የተከታተለው የእንግሊዝ ጥናት ቀድሞ መያዝ ዳግም የመያዝን ዕድል በ84 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። የዴንማርኩ ጥናት በአጠቃላይ 80.5 በመቶ አገኘ፤ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ግን 47.1 በመቶ ብቻ። ይህን የመጨረሻ ቁጥር አስምሩበት።

ከዚያ በኖቬምበር 2021 ኦሚክሮን ከደቡባዊ አፍሪካ ተሰማ፤ ስፓይክ በተባለው ፕሮቲኑ ላይ ብቻ ከ30 የሚበልጡ ለውጦች ነበሩት። የቀጠር ተመራማሪዎች የለኩትን ተመልከቱ፦ ቀድሞ መያዝ በዴልታ ዳግም እንዳይያዙ የሚሰጠው ጥበቃ 92 በመቶ ሲሆን፣ በኦሚክሮን እንዳይያዙ የሚሰጠው 56 በመቶ ሆነ። ከከባድ ሕመም የሚሰጠው ጥበቃ ግን በኦሚክሮንም ጊዜ 87.8 በመቶ ነበር። በነገራችን ላይ 56 በመቶ ማለት «ከ100 ሰው 56ቱ አይያዝም» ማለት አይደለም፤ ቀድሞ ካልተያዘ ሰው ጋር ሲነጻጸር አደጋው በ56 በመቶ ያንሳል ማለት ነው። በየዓመቱ በፈተና ወረቀት ላይ የማርመው ስሕተት ስለሆነ ነው ያነሣሁት።

አሁን ልብ በሉልኝ። የቀጠሩ ጥናት ቀድሞ ተይዟል ብሎ የሚቆጥረው ቢያንስ ከ90 ቀን በፊት የተገኘበትን ሰው ነው። የደቡብ አፍሪካውም የዳግም መያዝ ቆጠራ በዚሁ 90 ቀን ላይ የቆመ ነበር። ርዝራዡን ለማስወገድ ሲባል የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሥዕሉ ተቆርጠው ወጡ። እኔም ጥናቶቹን አንብቤ በሦስት ወር ውስጥ የተያዘ ሰው ስላላየሁ፣ የለም ብዬ ደመደምሁ። ላለመቁጠር በተስማማንበት ቦታ ምንም አላገኘንም ማለት ግን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ያንን የተቆረጠ ቦታ ሆን ብለው የተመለከቱት የዴንማርክ ተመራማሪዎች ናቸው። ዴንማርክ በዚያን ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው ትመረምር፣ ብዙ ዘረመልም ታነብ ነበር። ከኖቬምበር 2021 መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ 2022 አጋማሽ ከተመዘገቡት ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ኢንፌክሽኖች መካከል፣ ከ20 እስከ 60 ቀን ባለው ልዩነት ሁለት ጊዜ የተገኘባቸውን ፈልገው 187 የተረጋገጠ ዳግም መያዝ አገኙ። ከእነዚህ 47ቱ በአንዱ የኦሚክሮን ቅርንጫፍ ተይዘው በሌላው የኦሚክሮን ቅርንጫፍ የተደገሙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ክትባት ያልወሰዱ ወጣቶች ነበሩ፤ ሕመማቸውም ቀላል ነበር። ከስፔንም የአንዲት የ31 ዓመት የጤና ባለሙያ ታሪክ ተዘግቧል፤ ማጠናከሪያ ክትባት ከወሰደች ከ12 ቀን በኋላ በዴልታ፣ ከዚያም በ20 ቀን ልዩነት በኦሚክሮን ተይዛለች። እንግዲህ ነገሩ አለ፤ ብርቅ ነው፤ ግን አለ። ብርቅነቱም ከዝርያ ወደ ዝርያ በምንሸጋገርባቸው ሳምንታት ይቀንሳል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ችግሩ ሌላ ነው። በአዲስ አበባና በጅማ በተደረገ የደም ጥናት፣ ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ሠራተኞች ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው በኦገስት 2020 ከነበረበት 10.9 በመቶ በፌብሩዋሪ 2021 ወደ 53.7 በመቶ ደርሶ ነበር። ከግማሽ በላይ ማለት ነው፤ ክትባት ገና ሳይጀመር። አብዛኛው የመጀመሪያ ኢንፌክሽን ካልተመዘገበ ሁለተኛው «ዳግም» መሆኑ በምን ይታወቃል? በኦሚክሮን ሰሞን በየመሥሪያ ቤቱ «ጉንፋን ነው» እየተባለ ያለፈው ሁሉ የስንቱ ሰው የመጀመሪያው፣ የስንቱ ሁለተኛው እንደ ነበር ማንም ሊነግረን አይችልም። የእኔ ብጤው ሁለት ውጤት የያዘ ሰው እንኳ በመዝገብ ላይ አንድ ነው። በአገራችን ዳግም መያዝ ጥቂት ነው የሚል ጽሑፍ ስታነቡ፣ መጀመሪያ የቆጠራውን ደንብ፣ ቀጥሎም የተነበበውን ዘረመል ብዛት ፈልጉ።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ «ዶክተር፣ ከዳንሁ ወር ሆኖኛል፤ ገጠር አያቴን ልጠይቅ ነው፤ ችግር አለው?» አለኝ። ከዓመታት በፊት ቢሆን አንድ ቁጥር ሰጥቼው እሸኘው ነበር። አሁን መልሼ ጠየቅሁት፦ ሰሞኑን ጉሮሮህን ይከረክርሃል ወይ? በግቢው ውስጥ የታመመ ብዙ ነው ወይ? አያትህ ስንት ዓመታቸው ነው፣ ክትባትስ ወስደዋል? አንተ በብርቱ ላለመታመምህ ጥሩ ተስፋ አለህ፤ ላለመያዝህ ግን ያነሰ ተስፋ ነው ያለህ፤ ለእርሳቸው የሚያስፈልጋቸው ሁለተኛው ነው። ምልክት ካለህ ቀኑን አትቁጠር፣ ጉዞህን አቆየው። ከሌለህ ሂድ፤ መስኮቱ ይከፈት፤ ውጭ መቀመጥ ከወደዱም አብረሃቸው ውጭ ተቀመጥ። ሄደ፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የተነሡትን ፎቶግራፍም ላከልኝ።

አክስቴን ግን «ከእኔ ይሆን?» ብዬ የጠየቅኋቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። «ምን ያደርግልሃል?» ብለው ቡና እንዲፈላ አዘዙ። እኔም በረንዳው ላይ፣ ራቅ ብዬ ተቀመጥሁ።

ሰዓቱ ስለደረሰ እዚህ ላይ ላቁም። የዑደት ቁጥርን ርዝራዥን ለመለየት እስከ ምን ድረስ ልንመካበት እንደምንችል ከቤተ ሙከራ ባልደረቦቼ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ማይክሮፎኑ መጀመሪያ ለእነርሱ ይሰጥልኝ።